ደረጃ የሌላት ከተማ

አቭሪል ተኒክሊፍ ስልኩን ዘጋችና ለባሏ እህት ለግሌኒስ፣ «ሻይ ቤቷም በራፌ ላይ ደረጃ የለኝም አለች» አለቻት።

«እሷም?»

«እሷም። ልኳንዳ ቤቱም የለው፣ መድኃኒት ቤቱም የለው፣ ቤተ ክርስቲያኑም የለው። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ክራድልቢ እንደ መጥበሻ ተስተካክላለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ክራድልቢ ኮረብታ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። ቤቶቿ ከመጠጥ ቤት እንደሚመለሱ ጓደኛሞች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ነው የቆሙት፤ አንዱ ፈቀቅ ቢል ሌላው የሚወድቅ ይመስላል። የገበያ አዳራሿ ሰዓት አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያለው። ሰዓቱን ካወቅን ደቂቃውን እኛው እንገምታለን ይላሉ፤ ሌላ ዘንግ ይገጠም ያለ የከተማ ሹም ዳግመኛ አልተመረጠም። እንዲህ ያለች ከተማ ደረጃ የለኝም ስትል ዝም ብሎ ማመን ይከብዳል።

አቭሪል እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ በክራድልቢ ገበያ የሹራብ ክር ስትሸጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ኋላ የነርቭ ሕመም መጣና እግሮቿን አሰነፋቸው። ዊልቸር ላይ ስትቀመጥ ያ ኮረብታ አላስኖር ስላላት፣ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው የግሌኒስ ከተማ ወርዳ ደፍ የሌላት ትንሽ ቤት ያዘች። ባሏ ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። ከክራድልቢ ስትወጣ አልጋዋን ትታ፣ ቁም ሣጥኗን ትታ፣ አንድ እሾሃም ቁጥቋጦ ከነአፈሩ አስቆፍራ ይዛ መጣች። የጉዝቤሪ ተክል ነው።

ጉዝቤሪ ለሌላው ሰው አረንጓዴ፣ ጎምዛዛ፣ በስኳር ካልሆነ የማይቀመስ ፍሬ ነው። ለክራድልቢ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ የከተማው ሰው ከጓሮው አንዲት ፍሬ፣ አንዲት ብቻ፣ ይዞ ይመጣና ያስመዝናል። ጣዕሟን የሚጠይቅ የለም፤ መልኳን የሚያይ የለም፤ የሚፈለገው ክብደቷ ነው። ለዚች ፍሬ ሲባል ዝናብ ሲመጣ ለቁጥቋጦ ጃንጥላ የሚዘረጋ አለ፤ ሚስቱን ጉንፋን ይዟት ቁጥቋጦውን ብርድ ልብስ ያለበሰም አለ። ፍሬዋ ውኃ ከበዛባት ወይም ከተንገጫገጨች ቆዳዋ ይተረተራል። የፈነዳች ፍሬ ደግሞ አትመዘንም። ሌላው ሕግ ባለቤቱ ራሱ በገዛ እጁ ፍሬዋን ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ነው። ውክልና የለም።

ዘንድሮ በአቭሪል ቁጥቋጦ ላይ የቄብ ዶሮ እንቁላል የምታህል ፍሬ ተንጠልጥላ ነበር። ሥሯ ውኃ ያለበት ሳህን አስቀምጣ፣ ጫፏን እያስነካች፣ እንደ ሕፃን እያጠባች ነው ያሳደገቻት።

የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ፍሬዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በገዛ ጎማዋ እስከ ሚዛኑ ደርሳ፣ እንደማንኛውም ሰው ማስመዘን ነው። ይኸው ነው። ግን ይኸው ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግባት ለማወቅ ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን መስማት ያስፈልጋል።

ሚዛኑ የሚገኘው ከገበያ አዳራሹ ላይኛው ክፍል ነው። አዳራሹ በድንጋይ ዓምዶች ላይ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ባዶ፣ ነፋስ የሚመላለስበት፤ ከላይ አንድ ክፍል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የሚጠማዘዝ ጠባብ ደረጃ። የዚያን ጊዜ አራት ወንዶች ከነወንበሯ ተሸክመዋት ወጡ። እያቃሰቱ፣ «ወደ ግራ»፣ «ወደ ቀኝ»፣ «ግድግዳውን ተጠንቀቅ» እየተባባሉ፣ እንደ ፒያኖ አወጧት። መሃል ላይ ጫማዋ ወልቆ እየተንከባለለ ወረደ። በሩ ላይ ስትደርስ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ፍሬዋ ተመዝና ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች፤ አሁንም አጨበጨበ። እንዲያውም ከአሸናፊው፣ ከጥንት ተቀናቃኟ ከልኳንዳው ከኖሪስ ፒከርስጊል ይበልጥ ለእሷ ተጨበጨበ። ኖሪስ ራሱ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሰው ከፊቱ ቀድሞ ቂጣ ሲገዛ እንኳ የሚበሳጨው ኖሪስ።

ሲመለሱ ባቡር ውስጥ፣ «ግሌኒስ፣ ያጨበጨቡት ለፍሬዬ አይደለም» አለች። በዓመቱ አልሄደችም።

አሁን ግን ይህች ፍሬ መጣች። እንዲህ ያለች ፍሬ በዕድሜ አንዴ ነው የምትመጣው።

ግሌኒስ የክራድልቢ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ጡረታ ወጥታ ወደ ባሕሩ የወረደች ሴት ናት። ድምፅዋ እስካሁን ድረስ ልጆችን በሰልፍ ያቆማል። የስልኩን መልስ ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም አለች። የክራድልቢ ሰው በስልክ ለጠየቀው ሰው «ችግር አለ» ማለት ነውር ይመስለዋል። «ችግር የለም» ማለት ለእሱ «ደህና ዋልሽ» እንደ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን እግሩን አንስቶ የገባበትን ቤት ደፍ አያየውም፤ የሚያውቀው እግሩ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም።

«ስለዚህ?» አለቻት አቭሪል።

«ስለዚህ ሰውን አልጠይቅም። እንቁላል ነው የምጠይቀው።»

በማግስቱ ግሌኒስ ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዋን አወጣች። ከሥር ድንች ሞላችበት፣ ክብደት እንዲኖረው። ከድንቹ ላይ እንቁላል ከነካርቶኑ አስቀመጠችና በባቡር ወደ ክራድልቢ ሄደች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የግሌኒስ እንቁላል ግን በጎማ ነው የሄደው። እንቁላሉ ያልተሰበረበት መንገድ ጉዝቤሪም አያፈነዳም፤ ሐሳቧ ይህ ነበር።

ማታ አቭሪል ቤት ተመልሳ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት፣ አቭሪል ሳቅ እያፈናት ሻይዋን ማስቀመጥ ግድ ሆነባት። ግሌኒስ መጀመሪያ የሄደችው ሻይ ቤቷ ነው። የሻይ ቤቷ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ፣ ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ደረጃ የለንም አለቻት። ግሌኒስ ቦርሳዋን ስባ ስትገባ ጎማው ጓ ብሎ ተጋጨና የመጀመሪያው እንቁላል ፈሰሰ።

«‹ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?› አልኳት» አለች ግሌኒስ።

«ምን አለች?»

«ይኼማ መግቢያ ነው አለችኝ።»

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ይኼ ደረጃ ሳይሆን ትንሽ ዝቅ ማለት ነው አላት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አበባ የምታስተካክለው ሴት፣ እሱ እኮ የጥንት ነው አለች፤ ጥንታዊ ከሆነ እንደማይቆጠር። የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት በር ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ የገና ጌጥና አንድ የፕላስቲክ አህያ ታጭቆበታል። የት ልናደርገው፣ ሰው አይጠቀምበትም እኮ ተባለች። በዋናው መንገድ ያለው ኮብልስቶንማ እንቁላሉን አንድ በአንድ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ከሰዓት በኋላ ግሌኒስን አስኳል እያንጠባጠበች ስታልፍ የሚያይ ሕዝብ በየበሩ ቆሞ ነበር።

ተመልሳ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ልኳንዳ ቤት ስትደርስ ኖሪስ ፒከርስጊል በሽርጡ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ግሌኒስ፣ መንገዱን ነው የምትጠብሺው?»

ነገሯን ነገረችው። ኖሪስ ቦርሳዋን አየ፣ መንገዱን አየ፣ አገጩን አከከ። ከልኳንዳው ጓሮ እስከ አዳራሹ ድረስ አባቶቹ የሥጋ ጋሪ የሚገፉበት፣ እንደ ጠረጴዛ የለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ቀጭን መተላለፊያ አለ። ማንም አይሄድበትም፤ የሚገባው በኖሪስ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ። ግሌኒስ የተረፏትን እንቁላሎች በዚያ ወሰደች፤ አንዱም አልተሰነጠቀ።

«ማለትም ወደ ሚዛኑ የምደርሰው በጠላቴ ቤት በኩል ነው» አለች አቭሪል።

«በቋሊማው መሃል።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«ትምጣ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የረባ ሰው አላሸነፍኩም አለ።»

የአቭሪል ፊት ፈካ አለ።

የቀረው ጠማማው ደረጃ ነው። እሱን እንቁላልም አይፈታውም። አቭሪል ለክሊፎርድ ሰግደን ደወለች። ክሊፎርድ የሚዛኑ ጠባቂ ነው፤ አባቱም ጠባቂ ነበር። ለስላሳ ሰው ነው፣ ንግግሩ ሁሉ በይቅርታ ይጀምራል በይቅርታ ያልቃል፤ ግን እንደ ለስላሳ ሰዎች ሁሉ ከያዘው የማይነቃነቅ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝና አራት ጠንካራ ወንዶች ተዘጋጅተዋል አላት።

«አውቃቸዋለሁ ክሊፎርድ። አንደኛው ጫማዬን ጥሎብኛል።»

ታዲያ ግሌኒስ ይዛልሽ ትውጣ አላት። ውክልና የለም የሚለው ሕግስ ብላ ጠየቀችው። ይቅርታ አለ። ሚዛኑን ታች አውርዱልኝ ስትለው ይቅርታውን ሁሉ ረሳው። ያ ሚዛን ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፤ ነክተውት ከወረደ ዳግመኛ እውነት አይናገርም ብሎ ያምናል። እንደ ሰው ይቀየማል አላት።

«እኔም እቀየማለሁ» አለችውና፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እዚያው መጥታ እንደምታነጋግረው ነግራው ዘጋች።

የገበያው ቀን ደረሰ። ባቡር ጣቢያ ላይ ሠራተኛው ተጣጣፊውን ሳንቃ ዘርግቶ አወረዳት፤ በኖሪስ ሱቅ በኩል፣ በጓሮው መተላለፊያ፣ ግሌኒስ ከኋላ ቦርሳዋን እየጎተተች፣ አዳራሹ ሥር ደረሱ። ክሊፎርድ በጠማማው ደረጃ ወርዶ ከፊቷ ቆመ። ረጅም ሰው ነው። ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ከረጅም ሰው ጋር የሚነጋገር ሰው የሚያየው አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። አቭሪል ስለ መንጠቆው፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሚዛኑ ክብር ሲያስረዳት አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማችው። እየሰማችም ዓይኗ ከአገጩ አልፎ ወደ ኮርኒሱ ሄደ። እዚያ ሥር የክር መደብ ዘርግታ ስንት ዘመን ቆማለች፤ ቆሞ የሚሸጥ ሰው ግን የሚያየው ገዢውን ነው፤ ቀና ብላ አታውቅም። የኮርኒሱ ጣውላ ሁሉ በርዝመት የተመታ ነው። መሃሉ ላይ ግን በወርድ የተመታ አንድ አራት ማዕዘን አለ፤ ጠርዙ ላይ የዛገ ማጠፊያ።

«ክሊፎርድ፣ ከራስህ በላይ ያለው ምንድን ነው?»

ክሊፎርድ ባርኔጣውን ነካ።

«ከባርኔጣህ በላይ።»

ክሊፎርድ ቀና አለ። ግሌኒስ ቀና አለች። አይብ የሚሸጠው ሰውዬም ቀና አለ። ክሊፎርድ ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ በጠማማው ደረጃ ወጣ። ከላይ ጠረጴዛ ሲጎተት ተሰማ። ቀጥሎ ምንጣፍ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሲያስነጥስ። አራት ማዕዘኑ ተንቋቋ፣ አቧራ በአይቡ ላይ ዘነበ፣ መዝጊያው ወደ ላይ ተነሣና በቀዳዳው የክሊፎርድ ፊት ተዘቅዝቆ ብቅ አለ።

«አቭሪል» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «መንጠቆው ልክ ከዚህ በላይ ነው። ሰንሰለት አለው። ሽክርክሪትም አለው።»

ነገሩ ቀላል ነበር። በጥንት ጊዜ የቅቤ በርሜል ከጋሪ ላይ በቀጥታ ወደ ላይኛው ክፍል የሚሳበው በዚያ ቀዳዳ ነው። የቅቤ ገበያው ሲቀር መንጠቆው ሥራ ፈታ፤ አንዱ ብልህ ሚዛኑን ሰቀለበት። ቀዳዳው ተዘጋ፤ በላዩ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ መጣ። ክሊፎርድ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞበት ኖሯል። ሚዛኑ ከመንጠቆው ሳይወርድ፣ መንጠቆው ራሱ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።

አገሩ ክራድልቢ ነውና ክሊፎርድ ወዲያው እሺ አላለም። ኮሚቴ ይሰብሰብ አለ። ኮሚቴው እሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስና ኖሪስ ናቸው። በዚያው ሳምንት የተሰበሰቡት በልኳንዳው ጓሮ እንደሆነ ግሌኒስ ሰማች። ክሊፎርድ እጁን ማውጣት አቅቶት ቄሱን አየ፤ ቄሱ ኖሪስን አየ። ኖሪስ መጀመሪያ እጁን አወጣ፤ እኔ የምፈልገው እኩል መሬት ላይ ልረታት ነው፣ ፎቅ ላይ የተረታ ሰው ሁልጊዜ ሰበብ አያጣም አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የሚዛኑ ቀን አቭሪል ፍሬዋን በመቀስ ቆረጠቻት። በእንቁላል ማቅረቢያ ትንሽ ኩባያ ውስጥ እንዳትደርቅ ለስላሳ ክር በውኃ አርሳ ጎዝጉዛ አስቀመጠቻትና ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ያዘቻት። ስለዚህ መግፋቱ የግሌኒስ ሆነ። ባቡሩ ውስጥ አንድ ሰውዬ ምንድን ናት ብሎ ሊነካ እጁን ሲሰድ ግሌኒስ በወጥ ቤት ድምፅዋ አስቀመጠችው።

ኖሪስ በሩ ላይ ሥጋ የሚከትፍበትን ወፍራም ሳንቃ ደፉ ላይ አጋድሞ ይጠብቃቸው ነበር። ክራቫት አስሯል። ሳንቃውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ፍሬሽ እዚህ ብትፈነዳ ረታሁ ማለት አልችልም።»

«የአንተስ ፍሬ ደህና ናት?» አለችው አቭሪል።

«ወፍራም ናት፤ ከመወፈሯ የተነሣ መተኛት ያስቸግራታል።»

«የጭንቅላትህን መጠን የጠየቅሁህ መሰለህ እንዴ?» አለች አቭሪል፤ ግሌኒስም በቋሊማው መሃል ገፋቻት።

አዳራሹ ሥር ሕዝቡ ተሰብስቧል። ከቀዳዳው ሰንሰለቱ ወርዶ፣ ሚዛኑ ሁለት የናስ ሳህኖቹን ዘርግቶ፣ በአቭሪል ደረት ልክ ተንጠልጥሏል። ክሊፎርድ ከጎኑ ቆሞ፣ እንደ ታመመ ሰው በየጊዜው ያየዋል። ያስቸገረው ነፋስ ነው። ከላይ መስኮት ተዘግቶ ነበር የሚመዘነው፤ እዚህ ግን በዓምዶቹ መሃል የሚገባው ነፋስ ሳህኖቹን እንደ ዥዋዥዌ ያወዛውዛቸዋል። ክሊፎርድ ሊያለቅስ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ግሌኒስ በየዓምዱ መካከል ሰልፍ እንዲያዙ አዘዘች፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ኮታችሁን ክፈቱ፣ አንቺ ባለ ሰፊዋ ባርኔጣ ወደዚህ ነይ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹን በልጅነታቸው ገንፎ አብልታለችና እንደ ጥንቱ ታዘዙላት። የክራድልቢ ሰው ራሱ ግድግዳ ሆነ። ነፋሱ ቆመ፤ ሳህኖቹም ጸጥ አሉ። ጸጥታው ወደ ሰዉም ተጋባ፤ የሚተነፍስ እንኳ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር የሚተነፍሰው።

የሌሎቹ ተመዘነ። የኖሪስ ስትመዘን ሰዉ አጉተመተመ፤ ከሁሉም በልጣለች። ከዚያ አቭሪል ጎማዋን በራሷ እጅ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጋ ቀረበች። ፍሬዋን ከክሩ ውስጥ አንሥታ ሳህኑ ላይ አኖረቻት። ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም የሚያየው ሳህኑን ነበር።

ክሊፎርድ የናስ መመዘኛዎቹን ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ጎንበስ አለ። የአቭሪል በለጠች፤ በጥቂት፣ ግን በለጠች።

«እርጥብ ናት» አለ ኖሪስ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ቄሱ በለሆሳስ ስሙን ጠራው፤ እባክህ ኖሪስ፣ ዛሬ እንኳ፣ በሚል ድምፅ። ኖሪስ ግን ክራቫቱን አላልቶ ወደ ፊት መጣ። «ምን አባቴ ላድርግ? ክሩ እርጥብ ነው፣ ፍሬዋም እርጥብ ናት። የማንም ብትሆን እላለሁ። ትጠረግና ትመዘን።»

አቭሪል የሆነ ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ወደ ጉንጯ ሲወጣ ተሰማት። ኖሪስ ተናዶባታል። ከልቡ ተናዷል። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

«ትጠረግለት» አለች፣ «እንዳያለቅስብን።»

ክሊፎርድ በመጥረጊያ ወረቀት እንደ ሕፃን ዓይን አድርጎ ጠረጋት። ዳግመኛ መዘነ። አሁን የኖሪስ በጠብታ በለጠች። ከወዲያ ማዶ አንዱ በደስታ አፏጨ። ኖሪስ እጁን ወደ አሸናፊው ዋንጫ መዘርጋት ሲጀምር አቭሪል ጎማዋን መንገዱ ላይ አቆመችበት።

«ወዴት ነው? የአንተስ አይጠረግም?»

«የኔ ደረቅ ናት።»

«ጠዋት ጠዋት ውኃ በጉንጭህ እንደምትረጭላት ከተማው ያውቃል። ለእኔ የሆነ ለአንተም ይሁን።»

ክርክር ተነሣ። ግማሹ ሕዝብ ለኖሪስ፣ ግማሹ ለአቭሪል ሆነ፤ ነፋስ እንዲከልሉ የቆሙት እርስ በርስ ሲነታረኩ ነፋሱ መልሶ ገባ፤ ግሌኒስ ቦታ ቦታችሁ አለች። ክሊፎርድ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እኩል ይደረግ ብሎ ፈረደ። ኖሪስ ፍሬዬን ማንም አይነካብኝም አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ያዛት። የኖሪስ ጣቶች የበሬ ጎድን የሚሰብሩ ናቸው፤ ንዴትም ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ጠረገ፤ ሁለተኛ ሲጠርግ ጷ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ኖሪስ ፒከርስጊል መነጽሩ፣ ክራቫቱ፣ ቅንድቡ ሁሉ ጉዝቤሪ ሆኖ ቆመ።

ክሊፎርድ ጎንበስ ብሎ ልጣጩን አየ።

«ይቅርታ ኖሪስ» አለ ክሊፎርድ፣ «የፈነዳ አይመዘንም።»

ያን ጊዜ የተነሣው ሳቅ የአዳራሹን ርግቦች ሁሉ አስነሣ። ጭብጨባም ነበረ፣ የኖሪስ ወገኖች ማጉረምረምም ነበረ፣ «ተንኮለኛ» የሚልም ነበረ። አቭሪል ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማችው። ዋንጫውን ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡላት ኖሪስ መነጽሩን እያበሰ ጎንበስ አለባት።

«ይህን ያህል ክፉ ሴት መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

አበባ የተሰጣት ያህል ደስ አላት። «የሚመጣው ዓመት ይብስብሃል» አለችው።

በክራድልቢ የተረታ ሰው ለረታው ሻይ የመጋበዝ ልማድ አለ። ኖሪስ እያጉረመረመ ከፊት፣ አቭሪልና ግሌኒስ ከኋላ፣ በጠፍጣፋው ድንጋይ ተመልሰው ሻይ ቤቷ በር ደረሱ። ባለቤቷ እጆቿን ዘርግታ ወጣች።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ደረጃ የለንም እኮ።»

ግሌኒስ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ እንቁላል አውጥታ አሳየቻት።

ሴትዮዋ እንቁላሉን አየች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሽርጧን አልፎ፣ ጫማዋን አልፎ፣ የቆመችበት ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆመ። በየጠዋቱ የምትጠርገው ድንጋይ ነው።

«ይኼ ነው እንዴ?» አለች።

ኖሪስ ተነፈሰና ወደ ልኳንዳው ተመለሰ። የሥጋውን ሳንቃ በትከሻው ይዞ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ገና የጉዝቤሪ ዘር ተለጥፎ ነበር። ተንበረከከና ሳንቃውን ደፉ ላይ ማስተካከል ጀመረ። አቭሪል ዋንጫዋን አቅፋ ከላዩ ሆና አየችው።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ኖሪስ» አለችው።